ከቃሊቲ ስታዲየም የሚያደርስ አልበም

ነገሩ የተጀመረው ታክሲ ውስጥ ነው። (በዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ የማይጀመር ነገር ምን አለ?)

ከቃሊቲ ተነስተን ወደ ስታዲየም እየሄድን ነው። ጠዋት ነው፤ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። ከፊታችን ተሳቢ መኪና ቆሟል፤ ከኋላችን ሌላ ተሳቢ ክላክሱን ያንባርቃል። ሾፌራችን ፍላሹን ሰክቶ ዘፈን ይመርጣል… መምረጥ ከተባለ። አንዱን ይከፍታል፤ መግቢያው ሙዚቃ አልቆ ድምፃዊው ገና አፉን ሲከፍት ይቀይረዋል። ሌላውን ይከፍታል፤ አዝማቹ አንድ ጊዜ እንደተባለ ይቀይረዋል። ሳሪስ እስክንደርስ ሃያ አንድ ዘፈን ቆጠርኩ። እስከ መጨረሻው የተሰማ አንድም የለም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ፦

«ኧረ ልጄ፣ በእናትህ አንዱን እንኳ አስጨርሰን!»

«እማማ፣ ዋናው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ድግግሞሽ ነው» አላቸው።

ሰውዬው እንዳይመስላችሁ፣ ልክ ነው። የተናደድኩትም ልክ ስለሆነ ነው። ዘፈኖቻችን በአብዛኛው የሚሠሩት ለእሱ ጣት ነው፤ አንድ ጥሩ አዝማች፣ አንድ አንጀት የሚበላ ስንኝ፣ ከዚያ ድግግሞሽ። አንድ አልበም ላይ አሥራ አራት ዘፈን ቢኖር አሥራ አራቱ የማይተዋወቁ መንገደኞች ናቸው። ልክ እንደ ታክሲው ተሳፋሪ፤ አብረው ይሄዳሉ እንጂ ምን ያገናኛቸዋል?

አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ ቃሊቲ ውስጥ ጊታር አንግቶ የሚሄድ ሰው ጥቂት ስለሆነ ከዚህ በላይ ፍንጭ መስጠት ራሱ ስም መጥራት ነው። (በነገራችን ላይ፣ ቃሊቲ ሲባል ለሰው ሁሉ ቶሎ የሚታሰበው ማረሚያ ቤቱ ነው። ሳንታሰር እዚህ የተወለድን፣ እዚህ ያደግን፣ እዚህ ኪራይ የምንከፍል ሰዎችም አለን። ይመዝገብልን።) ይህ ጓደኛዬና ሦስት ልጆች ከአንድ ብየዳ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ተለማመዱ። ዘጠኝ ዘፈን ነው፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው። አንድ ልጅ የአቃቂን ወንዝ ሽቅብ ተከትሎ ንጹሕ ውኃ ፍለጋ ይወጣል። መንገዱ ላይ ወንዙን የሚጠብቁ ቆሌዎች ያጋጥሙታል፤ አንዷ ቆሌ በቆዳ ፋብሪካ ሽታ ድምጿን አጥታለች፣ አንዱ በላስቲክ ተጠፍሮ ታስሯል። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ወንዙ ራሱ ይናገራል። አሥራ አንድ ደቂቃ ይናገራል። ሮክ ነው፤ ግን በባቲ ይጀምርና ወደ አንቺ ሆዬ ይዞራል፤ መሐል ላይ ከበሮው ብቻውን ይቀራል።

ይህን ይዘው አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄዱ። አሳታሚው ሰማ። ለነገሩ ከታክሲ ሾፌራችን የተሻለ ሰማ። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሁለተኛውና ሰባተኛው ይወጣቸዋል። ሌላውን ተዉት። ስድስተኛው ግን ምንድነው? ሰው የለበትም እንዴ?»

ቂም ይዞህ ነው የምትጽፈው ትሉኝ ይሆናል። አልዋሽም፤ ግጥሙን በአብዛኛው የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንዙን ያናገርኩትም እኔ ነኝ። እንግዲህ ይህን እያወቃችሁ አንብቡኝ።

*

ነገሩ እኛ የፈጠርነው ዕብደት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ የሮክ ሙዚቀኞች ዘፈን ለምን ሦስት ደቂቃ ብቻ ይሆናል ብለው ተነሱ። አልበሙን እንደ አንድ ሥራ ከዳር እስከ ዳር መስፋት ጀመሩ። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለው ይህ ነው። ታሪኩን ከየት ያምጡት? ብዙዎቹ ልብ ወለድ መደርደሪያቸው ላይ ነው የሄዱት፤ ያውም ወደ አስማቱ፣ ወደ ጭራቁ፣ ወደ ሌላው ዓለም መጻሕፍት።

ስዊድናዊው ቡ ሀንሶን እ.ኤ.አ. በ1970 የቶልኪንን «የቀለበቶቹ ጌታ» አነበበና አልበም አደረገው። ድምፃዊ የለውም። ኦርጋን፣ ጊታር፣ ከበሮ… መሣሪያ ብቻ። እንግሊዛዊው ሪክ ዌክማን በ1974 የዡል ቬርንን «ወደ ምድር እምብርት ጉዞ» ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራና ከመዘምራን ጋር መድረክ ላይ ሠራው፤ በዘፈኖቹ መካከል ታሪኩን የሚያነብ ተራኪ አስቀመጠ። (ተራኪውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።) እንግሊዝ አገር በሽያጭ አንደኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የንጉሥ አርተርን አፈ ታሪክ ሠርቶ ዌምብሌይ ላይ በበረዶ ተንሸራታቾች አሳየው፤ ባላባቶቹ ጋሻና ጦር ይዘው በረዶ ላይ ይንሸራተታሉ! እዚያ ላይ እንኳ ትንሽ አብዝቶታል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚገርመኝ የካሜል ባንድ ነገር ነው። የፖል ጋሊኮን «የበረዶዋ ዝይ» የተባለች አጭር ልብ ወለድ ሊሠሩ ተነሱ። ደራሲው ተቃወመ። ምን አደረጉ? ግጥሙን ትተው ታሪኩን በሙዚቃ ብቻ ነገሩት። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አልበም አንድም የሚዘፈን ስንኝ የለውም፤ ግን መብራት ማማው ላይ የሚኖረው ሰው ዜማ የትኛው፣ የልጅቷ የትኛው፣ የዝይዋ የትኛው እንደሆነ ትለያላችሁ። «ሰው የለበትም እንዴ?» ላለው አሳታሚ የምሰጠው መልስ ይህ ነበር። ያኔ አላውቀውም ነበርና ዝም አልኩ።

*

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው፣ እኛ ጋ ምን አገባው ለምትሉ፣ እ.ኤ.አ. 2012ን ልብ በሉልኝ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ አስፈላጊው ሁሉ እጃችን ላይ ነበር፤ አልተገናኘም እንጂ።

አንደኛ። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን አወጣ። ጊታሩን ጮክ ያደረገ፣ ሮክን ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ያጋጨ፣ ወጣት ባንድ። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው፤ ቀደም ሲል የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) የ2001 (እ.ኤ.አ.) አልበም የሠራው አሜሪካዊ። ጃኖ ፊት ለፊት አራት ድምፃዊ ነበረው፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። እስቲ አስቡት፤ አራት ድምፅ ማለት አራት ገፀ ባሕርይ ማለት ነው! አንዱ ጀግናው፣ አንዷ እናቱ፣ አንዱ ጠላቱ፣ አንዷ ጠንቋይዋ። ስሙን ራሱ ተመልከቱት፦ በእሳተ ገሞራ የተሰየመ አልበም፣ በመኳንንት ልብስ በተሰየመ ባንድ። የተረት ዓለም በሩ ላይ ቆመው ነበር። ግን ዘፈኖቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ናቸው። ዘፈኖቹን እወዳቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ስልኬ ላይ አሉ። የታሪክ ያለህ እያልኩ ነው የምሰማቸው።

ሁለተኛ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሦስት የእኛው ልጆች፣ መክሊት ሀደሮ፣ ገብርኤል ቴዎድሮስና በርንትፌስ («የተቃጠለ ፊት» ማለቱ ነው፤ ኢትዮጵያ የሚለው የግሪክ ስም ትርጉም) ኮፐርዋየር በሚል ስም «ኧርዝባውንድ» የተባለ አልበም አወጡ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 2089 ነው። ሦስት አፈንጋጮች ከሌላ ዓለም መንኮራኩር ጠልፈው ወደ ምድር ይመጣሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጉዞ ነው። እያንዳንዳቸው የሚጫወቱት ገፀ ባሕርይ አላቸው። ሮክ አይደለም፣ ሂፕ ሆፕ ነው፤ ቋንቋውም በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ቃሊቲ ውስጥ የሰማው ሰው ቢኖር እኔና ያሰማኋቸው ጥቂት ልጆች ነን ብል ብዙ አልሳሳትም። ያም ሆኖ ኢትዮጵያዊ እጅ ያለበት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ምናባዊ ታሪክ የሆነ አልበም ሲባል እኔ የማውቀው ይህን ነው። መንኮራኩሩ አዲስ አበባ አላረፈም እንጂ።

ሦስተኛ። ቴዲ አፍሮ ሚያዝያ 2004 «ጥቁር ሰው»ን አወጣ። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ምኒልክንና ዓድዋን ይዞ ይነሳል፤ ሰዉ ምን ያህል እንደተቀበለው አገር ያውቃል። ግን ዓድዋ በአንድ ዘፈን ተጀምሮ በአንድ ዘፈን አለቀ። ቀጣዩ ዘፈን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2009 «ኢትዮጵያ» ላይ «ማር እስከ ጧፍ»ን ሲሠራ ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው የተመረኮዘው። ያን የሚያህል መጽሐፍ በአንድ ዘፈን! ደስ ብሎኝ ሰማሁት፤ ሲያልቅ ግን «የቀረውስ?» አልኩ። ጉዱ ካሳስ? ፊታውራሪ መሸሻስ ለብቻቸው አንድ ትልቅ፣ ትዕቢተኛ፣ በነጋሪት የሚጀምር ዘፈን አይገባቸውም?

አንባቢውም ተዘጋጅቶ ነበር። በ2001 ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ካወጣ በኋላ የጣናን ገዳማት ከጠፈር ሳይንስና ከስለላ ጋር የቀላቀለ ልብ ወለድ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ዶርም ውስጥ እየተዋሰ ሲነበብ አይተናል። ደጋግሞ ታተመ፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። ሃያሲው የፈለገውን ይበል (እኔም የምለው አለኝ)፣ አንድ ነገር አረጋግጧል፦ የዚህ አገር ወጣት ምናብ አልጠላም።

ስለዚህ ባንዱ ነበረ፣ ሐሳቡ ነበረ፣ ታዳሚው ነበረ። ምን ጎደለ?

*

እስቲ አንድ የድሮ ሲዲ ወይም ካሴት ሽፋን ገልብጣችሁ አንብቡ። ከእያንዳንዱ ዘፈን ፊት «ግጥም፦ እገሌ፣ ዜማ፦ እገሌ፣ ቅንብር፦ እገሌ» ይላል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያለው ገጣሚ አራተኛው ላይ የለም። ግጥም በፍሬ ነው የሚሸጠው፤ እንደ ብርቱካን። አንዱ ገጣሚ ስለ ክህደት ጽፎ ሰጥቷል፣ ሌላው ስለ ሠርግ፣ ሌላው ስለ እናት፣ አንዱ ደግሞ ስለ ጎንደር (ስለ ጎንደር የሌለበት አልበም አይወጣም)። ሦስተኛውን የጻፈው አራተኛው ምን እንደሚል የሚያውቀው እንደኔና እንደናንተ አልበሙ ሲወጣ ገዝቶ ነው። ድምፃዊው የሁሉም ተከራይ ነው።

በዚህ መንገድ ድንቅ ዘፈን አልተሠራም አልልም። የምንወዳቸው አብዛኞቹ እንዲሁ ነው የተሠሩት። ታሪክ ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። መጀመሪያውን የጻፈ ሰው መጨረሻውን ማወቅ አለበት። ለታሪክ የቀረቡት እነማን እንደሆኑ ተመልከቱ፤ ቴዲ ግጥምና ዜማውን በአብዛኛው ራሱ ይሠራል፣ ጂጂም እንዲሁ። ሙሉውን በአንድ ራስ ውስጥ ይዘው የሚነሱ ሰዎች ናቸው። አሳታሚው ደግሞ ገንዘቡን የሚመልስለት የትኛው ዘፈን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። አልፈርድበትም፤ ዘፈን እንደወጣ በሚገለበጥበት አገር ብሩን ያወጣው እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ አልበም ራሱ እየቀረ፣ አንድ አንድ ዘፈን በዩቲዩብ ሲለቀቅ፣ የታክሲ ሾፌራችን ጣት የገበያው ሕግ ሆኗል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይኼኛው ገንዘብ አይደለም። እኛ ዘፈን የምንሰማው በስንኝ ነው። ሰምና ወርቅ ያደገበት ጆሮ አንድ ጥንድ ስንኝ ብቻዋን ሙሉ እንድትሆን ይፈልጋል። «ሰማህ ምን እንዳለ?» ተባብለን፣ ጭንቅላታችንን ነቅንቀን፣ ስንኟን ይዘን እንሄዳለን። ስንኟ ከየት መጣች፣ ወዴት ትሄዳለች የሚል የለም። ጥሩ አዝማሪ በአንድ ምሽት መቶ ታሪክ ጀምሮ አንዱንም ሳይጨርስ ሊያስለቅሰን ይችላል። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ግን ወንዝ አሥራ አንድ ደቂቃ እንዲናገር አይፈቅድም። እኔ ራሴ ስድስተኛውን ዘፈን ስጽፍ ይህ ነገር እንዴት እንዳስቸገረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እያንዳንዱ ስንኝ «እኔ ላይ ቁም» ይለኛል። ጥሩ ጥሩዎቹን ስንኞች ሰርዤ ነው ወንዙ መፍሰስ የጀመረው።

«ሮክ የእኛ አይደለም» የሚለውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። ሳክስፎኑም ትራምፔቱም የእኛ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን አርባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ይዘው ሲገቡ ይህ የባዕድ ነው ተብሎ ቢመለሱ ኖሮ ዛሬ ወርቃማ ዘመን የምንለው ሙዚቃ ከየት ይመጣ ነበር? ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃም ብርቅ አይደለም። ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው»ን ሲያወጡ በአብዛኛው መሣሪያዎቹ ናቸው የሚያወሩት። ያን ኦርጋን ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስሙት፤ ከቡ ሀንሶን ኦርጋን የሚያንስ ተረት አያወራም።

*

አሁን ወደ ተራኪው ልመለስ።

ጎረቤቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ናቸው። ቃሊቲ ላይ ተሳቢ የሚነዳ ጎረቤት የሌለው ሰው ካለ አዲስ ገቢ ነው። አንድ ቀን ጎማ ሲያስቀይሩ አግኝቻቸው ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ መንገድ ላይ ምን ይሰማሉ?»

«ትረካ ነዋ።»

«ዘፈንስ?»

«ዘፈን እንቅልፍ ያመጣል። ይጀምራል፣ ያልቃል፤ ሌላው ይጀምራል፣ ያልቃል። ትረካ ግን ጭንቅላትህን ይዞ ይቆያል። ሰውየው ሞተ ወይስ ተረፈ እያልክ ሳታውቀው አዋሽ ትደርሳለህ። አዳማን ማለፍህንም አታስታውስ።»

ይኸው! እኛ ረጅም ታሪክ በጆሮ አንሰማም ያለው ማነው? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ለይቶ አውቋል። ዛሬም ድረስ እኔ መጽሐፉን ሳነብ የምሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው፤ ያውም ከተወለድኩ በፊት የተቀዳ ድምፅ። አሁን ደግሞ ትረካ በሬዲዮም በዩቲዩብም በቴሌግራምም ሞልቷል። በአንድ ስልክ ላይ፣ በአንድ ሰው ጆሮ፣ የሃያ አንድ ዘፈን ጣትና የሰዓታት ትረካ አብረው ይኖራሉ። ሪክ ዌክማን ኦርኬስትራ መሐል ያስቀመጠው ተራኪ እኛ ጋ ከሬዲዮ ወርዶ አያውቅም። ተራኪውን ከባንዱ ጋር አንድ መድረክ ላይ ያቆመ እኔ አላየሁም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ከየትኛው መጽሐፍ ይጀመር ብትሉኝ፣ «ዴርቶጋዳ» አልላችሁም። ሴራው ብዙ ነው። ማን ማንን እንደከዳ በጊታር ማስረዳት አይቻልም፤ ዌክማንም ያለ ተራኪው አይችለውም ነበር። የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» ነው የምመርጠው። 1955 ዓ.ም. የታተመች መጽሐፍ ናት። ፅንሱ በእናቱ ማህፀን ሆኖ የሚጠብቀውን ዓለም አውቆ፣ አልወለድም ብሎ ይከራከራል። ከዚህ የበለጠ ምናብ ከየት ይመጣል? ቶልኪን ቀለበት ፈለገ፤ አቤ አንድ ማህፀን በቃው። ሴራ የለ፣ ስለላ የለ፤ አንድ ጥያቄ ነው ያለው፣ ጥያቄው ደግሞ ለዘጠኝ ዘፈን ይበቃል።

እንዲህ አድርጌ ነው የምሰማው። አልበሙ በከበሮ ይከፈታል፤ የእናት የልብ ትርታ ነው። (ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. በ1973 በልብ ትርታ ጀምረው በልብ ትርታ ጨርሰዋል፤ ቀድመውናል፣ ይሁን፤ የእነሱ ከበሮ ግን የቤተ ክርስቲያንና የሠርግ ቤት ከበሮ አይደለም።) እናትየዋ ትዘፍናለች፣ በትዝታ። ፅንሱን ማንም ሰው አይዘፍነውም፤ ማሲንቆ ነው። ባለ አንድ ጭራ፣ ገና ቃል ያልተማረ፣ ግን የሚነጫነጭ። እናት በቃል ትጠይቃለች፣ ማሲንቆው ይመልሳል፤ እኛ መልሱን የምናውቀው ከእሷ ቀጣይ ጥያቄ ነው። ጊታሮቹ ዓለም ናቸው፤ ከማህፀን ውጭ ያለው ጫጫታ። መጀመሪያ ላይ በሩቁ፣ እንደ ጎረቤት ጠብ፣ በግድግዳ ታፍነው ይሰማሉ። በየዘፈኑ ይቀርባሉ። ሰባተኛው ላይ ግድግዳው ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ማሲንቆው በጊታሩ ውስጥ ይሰማል ወይስ አይሰማም የሚለው የአቀናባሪው ፈንታ ነው፤ እኔ እንዲሰማ እፈልጋለሁ፣ በጭንቅ።

የደራሲውን ወራሾች ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ የካሜልን ልጆች ያየ ከመጀመሪያው ያስፈቅዳል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ባንድ፣ ከዘፈን ደላላ በፊት አንድ ደራሲ ፈልጎ «ሙሉውን አንተ ጻፍልን፤ ዘጠኙንም» ይበል። ይህን ያህል ነው የምለው። አሥራ አራት ገጣሚ ከመክፈል እንደሚረክስም ለአሳታሚው ንገሩልኝ።

*

የጓደኞቼ አልበም ሳይወጣ ቀረ። ሁለተኛውና ሰባተኛው ዘፈንም አልወጡም፤ ከሰባተኛው ላይ የቆሌዋን ስም አውጥታችሁ የሴት ስም አስገቡበት ሲባሉ ጓደኛዬ ተነስቶ ሄደ። ስምንቱን ዘፈን ግን በስልክ ቀድተናቸው ነበር፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ። አራተኛው ላይ የብረት መቁረጫ ድምፅ አለበት፤ ቆሌው በላስቲክ የታሰረበት ቦታ ላይ ስለሆነ ሆን ተብሎ የገባ ይመስላል። ዘጠነኛው ሊቀዳ በታቀደበት ማታ መብራት ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ አልተሰበሰብንም።

ባለፈው ወር ስምንቱን ፍላሽ ላይ አድርጌ ለጋሼ ሰጠኋቸው። «ትረካ ነው?» አሉኝ። «ይመስላል፣ ዘፈን ያለበት» አልኳቸው። ሄዱ። ከሳምንት በላይ ቆይተው ተመለሱ። እንኳን ደህና መጡ ለማለት ብቅ ስል ካቢናው ላይ ሆነው አዩኝና ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡኝ፦

«አንተ ልጅ! ልጁ ውኃውን አገኘው ወይ?»

«ዘጠነኛው ላይ ነው መልሱ፣ ጋሼ። አልቀዳነውም።»

«እንዴ! ታዲያ እኔን ጋላፊ ድረስ ምን ልትሆኑ አስጨነቃችሁኝ?» ወረዱ፣ በሩን ዘጉ፣ ፍላሹን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አኖሩት። «ጨርሳችሁ አምጡት። ሐሙስ እወጣለሁ።»

ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። ዘጠነኛውን አልረሳውም፤ በስልክ አንጎራጎረልኝ። ጊታሩን ግን አምና ሸጦታል። እስከ ሐሙስ የሚያውሰን እያፈላለግን ነው።